የዋሻው ጋያና የደም ምርመራው

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉና ተቀመጡ።

በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ልጆች በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ጽፈውልኛል። አንዱ እዚሁ ጎንደር ከተማ ያለ ነው፣ አንዷ ደባርቅ፣ አንዱ ደግሞ አሜሪካ። ሁሉም «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…» ብለው ይጀምሩና ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱ በኋላ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ሰው ጋንጃ አጭሶ ሐኪም ቤት ደም ቢሰጥ ይታወቅበታል ወይ? የደባርቋ የጠየቀችው ለወንድሟ ነው። ልጁ ማሳል ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል፤ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፤ ከስቷል። ጤና ጣቢያ ሂድ ቢሉት «ደሜን ሲያዩት ያውቁብኛል» ብሎ እምቢ አለ። ሁለት ወር ሙሉ የሚያስል፣ የሚያልበው፣ የሚከሳ ሰው ምን ይዞት ሊሆን እንደሚችል ለእናንተ መንገር የለብኝም። ሳንባ ነቀርሳ ሰው ሐፍረቱን እስኪጨርስ አይጠብቅም።

«የታሪክ አስተማሪ ስለ ደም ምን አገባው?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። ጋንጃን በምርመራ የማግኘት ታሪክ እዚሁ በጌምድር ውስጥ አንድ ምዕራፍ አለው፤ ያውም ውጭ አገር ያሉ ምሁራን ደጋግመው የሚጠቅሱት፣ እኛ ግን ብዙም ያልሰማነው ነው። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥ፤ ልጁ እያሳለ ነውና።

አይታወቅም። ተራ የደም ምርመራ ጋንጃን አይፈልግም፣ ያልፈለገውንም አያገኝም። የላብራቶሪ ባለሙያ የሆኑት የቀድሞ ተማሪዎቼ በዚህ ላይ አንድ ቃል ናቸው። «ሲቢሲ» የምትሉት ምርመራ ቀይና ነጭ የደም ሴሎችን፣ ፕሌትሌትን፣ ሄሞግሎቢንን ይቆጥራል፤ በቃ። የስኳር ምርመራ ስኳርን ይለካል። ኩላሊት ሲባል ክሬቲኒን ነው፣ ጉበት ሲባል የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው። ደም ባንክ የሚፈትሸው ኤችአይቪን፣ ሄፓታይተስ ቢን፣ ሄፓታይተስ ሲንና ቂጥኝን ነው፤ ስለዚህ ደም ለግሱ ሲባል በዚህ ምክንያት የምትሸሹ ካላችሁ ሌላ ሰበብ ፈልጉ። ለሁለት ወር ሳል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው አክታ ነው፣ ደም እንኳ አይደለም! ይህን ለልጅቷ ያኔውኑ ጽፌላታለሁ።

በነገራችን ላይ አረቄ ከጋንጃ ይልቅ ራሱን ያጋልጣል። ለዓመታት የተጠጣ አረቄ የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ ያደርጋል፣ ቀይ የደም ሴሎችንም ተለቅ ያደርጋቸዋል። ነቃ ያለ ሐኪም ተራውን የምርመራ ወረቀት አይቶ «አንተ ሰውዬ፣ ትጠጣለህ እንዴ?» ሊል ይችላል። ጋንጃ በተራው ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ዱካ አይተውም።

አሁን ወደ ታሪኩ። የጎንደር ሰው ደም መስጠትን የለመደው በወባ ምክንያት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምብያ ላይ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሰ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እናት ማለት ነው። ኮሌጁ የተቋቋመው በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ ሲሆን፣ እዚህ ጎንደር እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ያ የደምብያ እልቂት ነበር። በ1958 ደግሞ የባሰው መጣ፤ በመላ አገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። እንግዲህ አያቶቻችን ጣታቸውን ተወግተው፣ አንዲት ጠብታ ደም መስተዋት ላይ ተቀብታ፣ በጊምዛ ቀለም ተነክራ፣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ የኖሩት በዚህ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን መስተዋት የሚያየው ባለሙያ የሚፈልገው ወባን ቢሆንም፣ አንዳንዴ ያልፈለገውን ያገኛል። ቅማል የሚያስተላልፈው፣ ለደጋ ሰው ደኅና የሚታወቀው፣ ሄዶ የሚመለሰው ትኩሳት ተሕዋሱ እዚያው መስተዋት ላይ እንደ ጠመዝማዛ ክር ሆኖ ይታያል። ሰው «ደሜን ሲያዩት ሁሉን ያያሉ» ብሎ የሚፈራው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ግን ወባውም ያ ክር መሳይ ተሕዋስም በማይክሮስኮፕ የሚታይ አካል አላቸው። ጋንጃ ውስጥ ያለው፣ ጭንቅላት የሚያዞረው ቲኤችሲ ግን ሞለኪውል ነው፤ ደም ውስጥ ሲሟሟ ምንም ዓይነት ማይክሮስኮፕ አያየውም። እሱን ለማግኘት ኬሚስትሪ ያስፈልጋል፤ ኬሚስትሪ ደግሞ ጥያቄው አስቀድሞ ሲገባው ነው የሚመልሰው።

ይኸው ጥያቄ እኛ ዘንድ የተጠየቀው ለሰው አይደለም፣ ለሸክላ ነው።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ በጥንቱ በጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ አንድ ዋሻ አለ። የላሊበላ ዋሻ ይባላል፤ ከላስታው ላሊበላ ጋር አታምታቱት። ጆአን ዶምብሮቭስኪ የተባለች አሜሪካዊት አርኪዮሎጂስት ይህን ዋሻ ቆፍራ የመጀመሪያውን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተመች። ከላይኛው የአፈር ንብርብር ከወጡት ነገሮች መካከል የሸክላ ጋያ ራሶች ነበሩበት፤ ቅጠሉ ተደርጎ እሳት የሚለኮስበት ጎድጓዳው ክፍል ማለቴ ነው። ጋያ የማታውቁ ልጆች፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከቅል የሚሠራ፣ ጭሱ ውኃ ውስጥ አልፎ የሚሳብ የጥንት ማጨሻ ነው። ዛሬ ሺሻ ቤት የምታዩት ነገር የአጎት ልጅ ነው።

በዚያ ንብርብር የተገኘው ከሰል በራዲዮካርቦን ሲለካ 1320 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ላይ አረፈ፣ 80 ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ። ስለዚህ ከ1240 እስከ 1400 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መካከሉን ብትወስዱ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በዙፋን ላይ ናቸው። ፋሲል ግንቡን የሠሩባት ጎንደር በ1636 ነው የተቆረቆረችው፤ እነዚህ ጋያዎች ከከተማችን ቢያንስ በ200 ዓመት፣ ምናልባትም በ400 ዓመት ይበልጣሉ።

አሁን ጥያቄው፦ ምን ያጨሱባቸው ነበር? ትንባሆ እንዳትሉ፣ ትንባሆ ያኔ አሜሪካ ነው ያለው። ኮሎምቦስ ባሕሩን የተሻገረው በ1492 ነው፣ ቅጠሉ ወደኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲያውም እስከዚያ ጊዜ ድረስ ብዙ ምሁራን ማጨስ የሚባለው ልማድ ራሱ ለአፍሪካ ከትንባሆ ጋር የመጣ ነው ይሉ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ ሁለቱን የጋያ ራሶች ወስዶ በውስጣቸው የተጋገረውን ቅሪት መረመረ። ውጤቱን በ1975 «ካናቢስ ኤንድ ካልቸር» በሚባለው የጥናት መጽሐፍ ውስጥ አሳተመ፦ ካናቢስ ነው።

ዘዴው ምን እንደ ነበር ለተማሪ ላስረዳ። የብእር ቀለም ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋችሁ ወረቀቱን ውኃ ብታስነኩት፣ ቀለሙ ወደ ላይ እየተሳበ ሰማያዊው በአንድ በኩል፣ ሐምራዊው በሌላ በኩል ይለያያል። ክፍል ውስጥ ያሳየኋችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ የኬሚስትሪ መምህሩ ክሮማቶግራፊ ይሉታል፣ እኔ የተዋስኩት ከሳቸው ነው። ቅሪቱም እንዲሁ በፈሳሽ ተሟሙቶ በቀጭኑ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ይሳባል፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ፍጥነት ተጉዞ በራሱ ቦታ ይቆማል። ከዚያ አጠገቡ ካናቢስ መሆኑ ከታወቀ ናሙና ጋር ይነጻጸራል። አያችሁ? ማነጻጸሪያው ካናቢስ ባይሆን ኖሮ፣ ሰሌዳው ላይ አንዳች ነጠብጣብ ታይቶ ማንም ትርጉም አይሰጠውም ነበር።

እኔ በዚህ ግኝት ላይ ብዙ አልጨፍርም። ሁለት ጋያ ሁለት ጋያ ነው፤ «አባቶቻችን ጋንጃ አጫሾች ነበሩ» የሚል ርዕስ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ በእኔ ስም ዝም አስብሉት። የ1970ዎቹ ዘዴም ዛሬ ካለው ጋር ሲተያይ ሻካራ ነው። ቢሆንም ጸሐፊዎቻችን ዝም ያሉበትን ነገር ሸክላው ተናግሯል። የዚያ ዘመን ጽሑፎቻችን በአብዛኛው የቅዱሳን ገድልና የነገሥታት ጦርነት ናቸው። ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ጋያ የሚስበውን ገበሬ ወይም ነጋዴ የሚጽፍለት የለም። ከመጻሕፍት ብቻ ብንነሣ ኖሮ «በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጌምድር ውስጥ ካናቢስ አልነበረም» ብለን በሙሉ ልብ እናስተምር ነበር።

ይህ በኛ አገር ብቻ አይደለም የሆነው። ጣልያን ሚላን ከተማ ውስጥ «ካ ግራንዳ» በሚባለው አሮጌ ሆስፒታል ሥር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሞቱ ድሆች ተቀብረዋል። ተመራማሪዎች የዘጠኝ ሰዎችን የጭን አጥንት መርምረው በሁለቱ ውስጥ ቲኤችሲ አገኙ፤ ጥናቱ በ2023 ወጣ። የሚገርመው፣ የሆስፒታሉ የመድኃኒት መዝገብ በእጅ አለ፣ ግን ካናቢስ የሚል አንድም ቦታ የለበትም። ስለዚህ ሰዎቹ ያገኙት ከሐኪም አይመስልም። ከ300 ዓመት በላይ ተቀብሮ አጥንት ውስጥ የተገኘው፣ ቲኤችሲ ስብ ወዳድ ስለሆነና ከደም ወጥቶ በአካል ውስጥ ስለሚደበቅ ነው። ደሙ ዝም ሲል ሌላው አካል ላይል ይችላል። ይህችን ያዟት፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ፣ ስለ ስሙ። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም የፖሊስ ዜና፣ ጋንጃን «ዕፀ ፋርስ» ይለዋል። ነገር ግን በዕፀዋት መጻሕፍት ብትመለከቱ ዕፀ ፋርስ የሚባለው «አስተናግር» ነው፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ መለከት የሚመስል ነጭ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾሃም። የአብነት ተማሪዎች ትምህርት እንዲገባቸው ይጠጡታል የሚባለው አብሾም ከዚሁ ተክል ጋር ነው የሚያያዘው። በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ያደገ ሰው «አብሾ አለበት» ሲባል ሰምቷል፤ ግማሹ አድናቆት ነው፣ ግማሹ ሐዘኔታ። አስተናግር ግን ቀልድ አይደለም። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ፣ ያሳብዳል፣ ይገድላልም። ከጋንጃ ጋር ዝምድና የለውም፤ የጋንጃ ምርመራም አያገኘውም። አንድ ስም ለሁለት ተክል መሆኑ ለታሪክ ጸሐፊም ራስ ምታት ነው። በብራና ላይ «ዕፀ ፋርስ» የሚል ብናገኝ የትኛው እንደ ሆነ ብራናው አይነግረንም። ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ጓደኞቹ «ዕፀ ፋርስ ወስዶ ነው» ሲሉ ሐኪሙ የቱን ይያዝ? ስለዚህ እባካችሁ፣ ጋንጃ ከሆነ ጋንጃ በሉ፣ አስተናግር ከሆነ አስተናግር በሉ።

ወደ ምርመራው ታሪክ ልመለስ። ኬሚስትሪ ሳይመጣ በፊት ማጨስ የሚመረመረው በአፍንጫ ነበር። ከነዚያ ዋሻዎች ብዙም ሳይርቅ፣ ደብረ ታቦር ላይ ይቀመጡ የነበሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን አጥብቀው ከልክለዋል፤ የውጭ አገር መንገደኞች እንደ ጻፉት ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር። ቅጣቱ አሰቃቂ ነው። ማስረጃው ደግሞ ምስክርና ሽታ ብቻ! ስንት ሰው በጎረቤት ቂም ከንፈሩን እንዳጣ እግዜር ይወቀው።

ዘመናዊው ምርመራ ሁለት ነገሮችን ጠበቀ። አንደኛው፣ የሚፈለገው ነገር ምን እንደ ሆነ መታወቅ ነበረበት፤ ቲኤችሲን ለይተው ያወጡት እስራኤላውያኑ ራፋኤል መሹላምና ዬሂኤል ጋኦኒ በ1964 ነው። ሁለተኛው፣ በጣም ጥቂቱን ነገር መያዣ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን ኢንሱሊንን ለመለካት የፈጠሩት በፀረ እንግዳ አካል የመለየት ዘዴ መንገዱን ከፈተ፤ ያሎው በ1977 ኖቤል ተሸለመችበት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን የገፋው ሕክምና ሳይሆን ጦርና መንግሥት ነው። አሜሪካ በ1971 ከቬትናም የሚመለሱ ወታደሮቿን ሽንት ለሄሮይን መመርመር ጀመረች። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፌዴራል ሠራተኞች እንዲመረመሩ አዘዙ። እዚህ ላይ አስምሩበት፦ የጋንጃ ምርመራ ያደገው ሠራተኛንና ወታደርን ለመቆጣጠር ነው። በሽተኛን ለማከም ከሚደረገው ተራ ምርመራ ጋር አንድ ላይ ያልተቀመጠውም ስለዚህ ይመስለኛል።

እና ለምን ሽንት? ያቺን ያያዝናትን እናንሣት። ሰው ሲያጨስ ቲኤችሲ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በሰዓታት ውስጥ በፍጥነት ይወርዳል፤ ወደ ስብ ይገባል። ከስብ ቀስ እያለ ሲወጣ ጉበት ይለውጠውና የተለወጠው ቅሪት በሽንት ይወርዳል። አንድ ጊዜ ያጨሰ ሰው ሽንቱ ላይ ለሁለት ለሦስት ቀን ሊታይ ይችላል፤ በየቀኑ የሚያጨስ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ከወርም በላይ። በደም ለይቶ መፈለግ ይቻላል፣ ለምሳሌ በመኪና አደጋ ጊዜ በብዙ አገሮች ይደረጋል፤ ግን ለብቻው ታዝዞ፣ ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ነው። የአሜሪካው ልጅ፣ አንተን ነው፣ የጭነት መኪና ትነዳለህና ጉዳይህ ሌላ ነው። ያለህበት ስቴት ጋንጃን ቢፈቅድም የፌዴራሉ የትራንስፖርት ሕግ አይፈቅድም፤ ሽንት ሲጠይቁህ ጋንጃን በስሙ ነው የሚፈልጉት። ዲቪ ደርሷችሁ ለምርመራ አዲስ አበባ የምትወርዱም እንዲሁ፦ ሐኪሙ ስለ ዕፅ በአፉ ይጠይቃል፣ ከጠረጠረም ምርመራ ሊያዝ ይችላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የሽንት ምርመራው መጀመሪያ ደረጃ ላይ «አለ» ወይም «የለም» የሚል ፈጣን ምርመራ ነው፤ የተለመደው ወሰን በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ነው። ይህ ፈጣን ምርመራ ይሳሳታል። ከሚያሳስቱት አንዱ ኤፋቪሬንዝ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ነው፤ አሁን ያለው ዶሉተግራቪር እስኪተካው ድረስ በአገራችን ለዓመታት ብዙ ሺህ ሰው ማታ ማታ ይውጠው የነበረ። ኤፋቪሬንዝ የሚወስድ ሰው በሕይወቱ ጋንጃ ሳያይ ሽንቱ «ጋንጃ አለበት» ሊል እንደሚችል የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ ይናገራል። እስቲ አስቡት፦ አንዲት እናት ሥራ ለመቀጠር ሽንት ሰጥታ «ዕፅ ተጠቃሚ ነሽ» ብትባል፣ ራሷን ለማዳን የግድ ኤችአይቪ እንዳለባት መናገር ሊኖርባት ነው። ስለዚህ ነው ፈጣኑ ምርመራ በሌላ፣ ሞለኪውሉን በክብደቱ ለይቶ በሚያውቅ መሣሪያ ሳይረጋገጥ በማንም ላይ መፍረድ የሌለበት። ቀጣሪ የሆናችሁ ተማሪዎቼ አላችሁ፤ ይህችን ለእናንተ ነው የጻፍኳት።

ሌላው ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው፤ ሐኪሙ ማወቅ ሲገባው የማያውቅበት። ሐኪሞች በሽተኛን «ሂስትሪ» ይጠይቃሉ፤ ታሪክ ማለት ነው፣ የኔው ሙያ። ምን ትበላለህ፣ ምን ትጠጣለህ፣ ምን ታጨሳለህ ይላሉ። ወላጅ አጠገብ ቆሞ ሲሰማ ማን ይናገራል? ጋንጃ ለዓመታት በብዛት የሚያጨሱ አንዳንድ ሰዎች ላይ የሚመጣ፣ ቀናትን ሙሉ የሚያስመልስ ሕመም አለ፤ በሕክምና ጽሑፍ በደንብ የተገለጸው በ2004 ከአውስትራሊያ ነው። በሽተኛው ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሙቅ ውኃ ሲታጠብ ብቻ ይሻለዋል። ምክንያቱን የሚናገር የደም ምርመራ የለም። በጨጓራ ስም መድኃኒት ሲቀያየርለት ይከርማል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ ኩላሊቱ በውኃ ጥማት ይጎዳል። «አጨሳለሁ» የምትል አንዲት ቃል ግን መንገዱን ታሳጥራለች። ቀዶ ሕክምና ሲኖርም ማደንዘዣ ሰጪው ይህን ማወቅ አለበት፤ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው የሚያስፈልገው የማደንዘዣ መጠን ሊለይ ይችላል፣ ልቡና ሳንባውም በጥንቃቄ መታየት አለባቸው።

«ብናገር ለፖሊስ ይሰጡኛል» ለምትሉት፦ ጋንጃ ማምረትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም በአገራችን ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ነው። አጭሱ እያልኩ አይደለም፤ ጎበዝ ተማሪዎቼ የነበሩ፣ በዚሁ ነገር አእምሯቸው ታውኮ ቤት የቀሩ አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪምን፣ ነርስን፣ ፋርማሲስትን በሙያው ያወቀውን ምስጢር እንዳያወጣ ያስገድዳል። ሕግ የሚፈቅዳቸው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ «ጋንጃ አጭሼ ነበር» ብሎ ለሳሉ መድኃኒት የሚፈልግ ልጅ ግን የምስጢሩ ባለቤት ነው። ወላጅ ወይም ወንድም አጠገብ ካለ «ለብቻዬ ላነጋግርዎት» ማለት ይቻላል፣ ነውርም አይደለም።

የጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ ያጎደልኩት ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ጎንደርና ደባርቅ ውስጥ የጋንጃ ምርመራ ለብቻው የት እንደሚሠራ የምታውቁ። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ስለዚያ ዋሻ ሌላ ነገር እንድትጠይቁኝ እጠብቃለሁ፤ ከጋያዎቹ ሥር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ከሚጠጋ ንብርብር ገብስና ሽምብራ ወጥቷል፣ በአገራችን ተቆፍረው ከተገኙት ጥንታዊ የእህል ቅሪቶች ጋር የሚቆጠር ነው። ስለ ሽምብራው ጾም ሲገባ እጽፋለሁ።